ከከበሮው በፊት አፍ፦ የደቡብ ሕንዱ ኮናኮል ከመድረክ ወርዶ እንዴት ተረፈ?

እስቲ ማንበባችሁን ከመቀጠላችሁ በፊት አንድ ሙከራ እንሥራ። በተቻላችሁ ፍጥነት “ታታታታታታታታ” በሉ። ምላሳችሁ ቶሎ ተሳሰረ፣ አይደል? አሁን ደግሞ “ታካታካታካታካ” በሉ። ይሄኛው ያለ ብዙ ድካም ይፈጥናል።

ለምን ይመስላችኋል? “ታ” ስንል የምላሳችን ጫፍ የላይኛውን ጥርሳችንን ጀርባ ይነካል። “ካ” ስንል ግን የሚሠራው የምላሳችን የኋላ ክፍል ነው፤ ከፍ ብሎ ላንቃችንን ይነካል። አንዱ ሠርቶ ሲመለስ ሌላው ተራውን ይዞ ይጠብቃል። ከበሮ መቺ ቀኝና ግራ እጁን እያፈራረቀ እንደሚመታው ማለት ነው። መለከት ነፊዎችም ፈጣን ዜማ ሲገጥማቸው በምላሳቸው የሚጠቀሙት ይህንኑ ዘዴ ነው።

የደቡብ ሕንድ ሙዚቀኞች ደግሞ ከዚህ ትንሽ ዘዴ ተነስተው አንድ ሙሉ ጥበብ ገንብተዋል። ባለሙያው መድረክ ላይ እግሩን አጣጥፎ ይቀመጣል። ከበሮ የለውም፤ ዘፈንም አይዘፍንም። በእጁ ጭኑን እየመታ፣ በአፉ ብቻ ምቱን ያዘንበዋል፤ አንዴ ቀስ ብሎ፣ አንዴ ጆሮ ሊከተለው እስኪያቅተው ድረስ ፈጥኖ። ቃላቱ ምን ማለት እንደሆኑ የሚጠይቅ አድማጭ የለም። ትርጉም የላቸውማ! የጥበቡ ስም ኮናኮል ይባላል።

ይህ ጥበብ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከመድረክ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር። ዛሬ ግን ከቼናይ እስከ ቶሮንቶ ይሰማል። ታዲያ እንዴት ተረፈ? መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ፣ በጣም ወደ ኋላ መሄድ አለብን። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ትርጉም የሌላቸው ቃላት

መጀመሪያ ቦታውን እንወቅ። ሕንድ ሁለት ትልልቅ የክላሲካል ሙዚቃ ባህሎች አሏት። የሰሜኑ ሂንዱስታኒ ይባላል፤ የደቡቡ ካርናቲክ። ካርናቲክ ዛሬ ታሚል ናዱ፣ ካርናታካ፣ ኬረላ፣ አንድራ ፕራዴሽና ቴላንጋና በሚባሉት ግዛቶች የሚኖሩ ሕዝቦች ሙዚቃ ነው። ዋናው ዘፋኝ ነው፤ ከጎኑ ቫዮሊን አለ፤ ምቱን የሚይዘው ደግሞ ምሪዳንጋም የሚባል፣ በሁለቱም ጫፍ ቆዳ የተወጠረበት ከበሮ ነው።

ምትን የሚወክሉት የአፍ ድምፆች ሶልካቱ ይባላሉ። በታሚል ቋንቋ “ሶል” ቃል ማለት ነው፤ “ካቱ” ደግሞ ማሰር ወይም እስር። የታሰረ ቃል እንበለው። ሶልካቱ ራሳቸው ድምፆቹ ናቸው፤ ኮናኮል ደግሞ ድምፆቹን በመድረክ ላይ የማቅረብ ጥበብ።

እዚህ ላይ አማርኛ አንባቢ ዕድለኛ ነው። በላቲን ፊደል የሚጽፍ ሰው ተነባቢውንና አናባቢውን ለየብቻ መደርደር አለበት። በኛ ፊደል ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ፊደል አንድ ምት ይሆናል። ስለዚህ ፊደሎቹን መቁጠር ብቻ ነው፦

ታኪታ፦ 3
ታካዲሚ፦ 4
ታካታኪታ፦ 5
ታኪታታካዲሚ፦ 7
ታካዲሚታካታኪታ፦ 9

እነዚህ አምስቱ የካርናቲክ ምት ቤተሰቦች ናቸው። 6 እና 8 የት ሄዱ? 6 ማለት 3 ሁለት ጊዜ ነው፤ 8 ማለት 4 ሁለት ጊዜ። አዲስ ስሜት አያመጡም። 7 ግን 3 እና 4 ሲጋጠሙ የሚወለድ፣ ትንሽ የሚያነክስ የሚመስል አዲስ አረማመድ አለው። 9ም እንዲሁ 4 እና 5 ተጋጥመው ነው። ከላይ ያሉትን ቃላት ቀስ ብላችሁ ብታነቧቸው መገጣጠሚያው ይሰማችኋል።

ቃላቱ አንድ ሌላ ጥቅም አላቸው። 32 የከበሮ ምቶችን አንድ በአንድ አስታውሱ ብትባሉ ትቸገራላችሁ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጆርጅ ሚለር በ1956 ባሳተመው ታዋቂ ጽሑፉ፣ የአጭር ጊዜ ትውስታችን በአንድ ጊዜ ሰባት ያህል ነገሮችን ብቻ እንደሚይዝ፣ ነገር ግን ትንንሽ ነገሮችን በአንድ ጥቅል ካሰርናቸው ጥቅሉ እንደ አንድ ነገር እንደሚቆጠር አስረድቷል። “ታካዲሚ” አራት ምት ነው፤ ለአእምሮ ግን አንድ ቃል ነው። 32ቱ ምት ስምንት ቃል ሆኖ ይገባል ማለት ነው። ሚለር ይህን ከመጻፉ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የከበሮ መምህራን በተግባር ደርሰውበት ነበር።

ዝናብ በሎተስ ቅጠል ላይ

ስለ ሕንድ ትያትር፣ ዳንስና ሙዚቃ ከሚናገሩት ጥንታዊ መጻሕፍት ዋነኛው “ናትያ ሻስትራ” ነው። ባራታ ለሚባል ሊቅ የሚሰጥ፣ በሳንስክሪት የተጻፈ ትልቅ ድርሳን ነው። ብዙ ተመራማሪዎች የተጻፈበትን ጊዜ ከክርስቶስ ልደት በፊትና በኋላ ባሉት ጥቂት መቶ ዓመታት ውስጥ ያደርጉታል።

መጽሐፉ ስለ ከበሮ አመጣጥ ደስ የሚል ታሪክ ይተርካል። ስዋቲ የሚባል ጠቢብ ውሃ ሊቀዳ ወደ ኩሬ ይወርዳል። በድንገት ዝናብ ይመጣል። ኩሬው ላይ በተንሳፈፉት የሎተስ ቅጠሎች ላይ ጠብታዎቹ ሲወድቁ ያዳምጣል። ትልቁ ቅጠል አንድ ዓይነት ድምፅ አለው፤ መካከለኛው ሌላ፤ ትንሹ ደግሞ ሌላ። ስዋቲ ወደ ቤቱ ተመልሶ የሰማውን ድምፅ የሚመስሉ ከበሮዎች እንዲሠሩ አደረገ ይላል ተረቱ።

ተረት ነው፤ ግን ልብ በሉት፦ ከበሮው የተሠራው ድምፁ ከተሰማና ከተለየ በኋላ ነው። ጆሮ ቀደመ፣ እጅ ተከተለ። መጽሐፉ በዚህ አያበቃም፤ በከበሮ ላይ የሚወጡትን ድምፆች ከቋንቋ በተወሰዱ ድምፆች እየሰየመ፣ የትኛው በየትኛው እጅ እንደሚመታ ያስረዳል። ስለዚህ ከበሮን በአፍ መናገር ትናንት የመጣ ነገር አይደለም፤ ቢያንስ የዚያን መጽሐፍ ያህል ያረጀ ነው።

ስንኝ ቆጣሪዎቹ

ምትን መቁጠር የከበሮ መቺዎች ሥራ ብቻ አልነበረም። የሳንስክሪት ግጥም የሚለካው በአጭርና በረጅም ድምፅ ነው። አጭሩ “ላጉ” ይባላል፤ አንድ ምት ይወስዳል። ረጅሙ “ጉሩ” ነው፤ ሁለት ምት ይወስዳል። ከክርስቶስ ልደት በፊት እንደኖረ የሚታመነው ፒንጋላ ይህንን አጭርና ረጅም በዘዴ የሚደረድር መጽሐፍ ጻፈ። ከሱ በኋላ የመጡት የግጥም ሊቃውንት ደግሞ አንድ ጥያቄ አነሱ፦ ስንኙ የሚወስደው የምት ብዛት ከታወቀ፣ አጭርና ረጅሙን ስንት በተለያየ መንገድ መደርደር ይቻላል?

እንሞክረው። ለ1 ምት መንገዱ 1 ብቻ ነው። ለ2 ምት 2 ነው፦ አጭር አጭር፣ ወይም አንድ ረጅም። ለ3 ምት 3 ነው። ለ4 ምት 5። ለ5 ምትስ?

አንድ በአንድ መዘርዘር አያስፈልግም። የ5 ምት ስንኝ የሚያልቀው ወይ በአጭር ወይ በረጅም ነው። በአጭር ካለቀ ከፊቱ የቀረው 4 ምት ነው፤ ይህ በ5 መንገድ ይደረደራል። በረጅም ካለቀ ከፊቱ የቀረው 3 ምት ነው፤ ይህ ደግሞ በ3 መንገድ። ስለዚህ 5 + 3 = 8። ለ6 ምት 8 + 5 = 13። እያንዳንዱ ቁጥር ከፊቱ ያሉት የሁለቱ ድምር ነው፦ 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8፣ 13፣ 21...

በሒሳብ ትምህርት ይህን ተከታታይ “የፊቦናቺ ቁጥሮች” በሚል ስም ታውቁት ይሆናል። ጣሊያናዊው ፊቦናቺ በመጽሐፉ ያወጣው በ1202 ነው። የጉጅራቱ ሊቅ ሄማቻንድራ ግን በ1150 ገደማ ከግጥም ምት ተነስቶ ደንቡን በግልጽ ጽፎት ነበር፤ ከሱም በፊት ቪራሃንካ የሚባል ሊቅ አውቆታል።

እነዚህ ሰዎች የግጥም ሊቃውንት እንጂ የደቡብ ሕንድ ከበሮ መቺዎች አልነበሩም። ነገር ግን ጥያቄያቸው የከበሮ መቺው ጥያቄ ነው፦ የተወሰነ ጊዜ አለኝ፤ በስንት መንገድ ልሞላው እችላለሁ? ይህ አስተሳሰብ በሙዚቃ መጻሕፍትም ገብቷል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በዴቫጊሪ ቤተ መንግሥት ይኖር የነበረው ሻርንጋዴቫ “ሳንጊታ ራትናካራ” በተባለው መጽሐፉ 120 የምት ዑደቶችን ዘርዝሯል። “ላጉ” የሚለው ቃል ራሱ ከግጥም ወደ ምት ቆጠራ ተሻግሯል፤ አሁን እጃችሁ ላይ ታገኙታላችሁ።

በጣት የሚቆጠር ዑደት

የካርናቲክ ሙዚቀኞች “የሙዚቃችን አያት” እያሉ የሚጠሩት ፑራንዳራ ዳሳን ነው። የኖረው ከ1484 እስከ 1564፣ በቪጃያናጋራ መንግሥት ዘመን ሲሆን፣ በካናዳ ቋንቋ (አገሩን ሳይሆን የካርናታካን ቋንቋ ማለቴ ነው) ብዙ መዝሙሮችን የደረሰ ሰው ነው። ትውፊት እንደሚለው ሀብታም ነጋዴ ነበር፤ ንብረቱን ሁሉ ሰጥቶ እየዘመረ የሚዞር ሆነ። ለጀማሪዎች ከቀላል ወደ ከባድ የሚሄድ የትምህርት ቅደም ተከተል በማዘጋጀትም ይመሰገናል። ዛሬም አንድ የቼናይ ልጅ የካርናቲክ ዜማ ሲጀምር የሚማራቸው መልመጃዎች ለሱ የሚሰጡ ናቸው።

ከመልመጃዎቹ ጋር ሰባት መሠረታዊ የምት ዑደቶች ይመጣሉ። የምት ዑደት “ታላ” ይባላል። ታላ የሚቆጠረው በእጅ ነው፤ ሦስት ዓይነት እንቅስቃሴ ብቻ አለው። አንደኛው አንድ ጭብጨባ ነው። ሁለተኛው አንድ ጭብጨባና መዳፍን መገልበጥ ነው። ሦስተኛው ላጉ ነው፤ አንድ ጊዜ አጨብጭቦ ከትንሿ ጣት ጀምሮ በጣት መቁጠር። የላጉ ርዝመት 3፣ 4፣ 5፣ 7 ወይም 9 ሊሆን ይችላል። ሰባት ዑደት በአምስት ርዝመት ሲባዛ 35 ታላ ይሰጣል። በተግባር ግን በብዛት የሚሰሙት ጥቂቶች ናቸው።

ከሁሉ በላይ የተለመደው አዲ ታላ ነው፤ 8 ምት አለው። ቀኝ እጃችሁን በጭናችሁ ላይ አድርጋችሁ ሞክሩት፦

1፦ ጭብጨባ
2፦ ትንሿ ጣት
3፦ የቀለበት ጣት
4፦ የመሃል ጣት
5፦ ጭብጨባ
6፦ መዳፍ ወደ ላይ
7፦ ጭብጨባ
8፦ መዳፍ ወደ ላይ

ከዚያ እንደገና ከ1። ኮንሰርት የሚያዳምጡ ሰዎች በየወንበራቸው ሆነው ይህንኑ በእጃቸው ሲቆጥሩ ማየት የተለመደ ነው። የዑደቱ መጀመሪያ “ሳማ” ይባላል። ሙዚቀኛው የቱንም ያህል ቢርቅ፣ ቢፈጥን፣ ቢያወላግድ ሳማ ላይ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ደግሞ የሚያውቅበት አዳራሹ ሁሉ ነው፤ ሁሉም እየቆጠረ ነውና።

ንጉሥ ፊት የተደረገ ውድድር

በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን የዚህ ሙዚቃ ትልቁ ማዕከል የታንጃቩር ከተማና አካባቢዋ ነበሩ። ታያጋራጃ፣ ሙቱስዋሚ ዲክሺታርና ሲያማ ሻስትሪ፣ በካርናቲክ ታሪክ “ሦስቱ” እየተባሉ የሚጠሩት ደራሲዎች፣ በአንድ ዘመን የዚሁ አካባቢ ልጆች ነበሩ። ሦስቱም የተወለዱት ቲሩቫሩር በምትባል አንዲት ከተማ ነው።

ስለ ሲያማ ሻስትሪ የሚተረክ አንድ ታሪክ አለ። ቦቢሊ ከሚባል አገር ኬሳቫያ የተባለ ሙዚቀኛ ይመጣና የታንጃቩርን ቤተ መንግሥት ሙዚቀኞች “የሚችለኝ ካለ ይምጣ!” ይላል። የአገሩ ክብር አደጋ ላይ ወደቀ። ሙዚቀኞቹ ሲያማ ሻስትሪን ለመኑት። በውድድሩ ዕለት ኬሳቫያ አንድ ዑደቱ 128 ምት በሚፈጅ፣ ሲምሃናንዳና በሚባል ታላ ዘመረ። ሲያማ ሻስትሪ ያንን ተከትሎ መለሰ፤ ከዚያም ራሱ በፈጠረው ሌላ ከባድ ታላ ጠየቀው። እንግዳው መመለስ አቃተው ይባላል።

ተረኩ በዝርዝሩ ሁሉ እውነት ይሁን አይሁን ሌላ ጉዳይ ነው። የሚነግረን ግን በዚያ ዘመን የአንድ ሙዚቀኛ ጉልበት የሚለካው በድምፁ ማማር ብቻ እንዳልነበር ነው። ጊዜን በአእምሮው መያዝ፣ መከፋፈልና ሳይስት መመለስ መቻሉም ይለካ ነበር።

ሒሳቡ የሚዘጋበት ቦታ

ይህ “መመለስ” እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ምሳሌ እንየው። ከበሮ መቺው አንድን ሐረግ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ የመጨረሻውን ድምፅ ሳማ ላይ ማሳረፍ ይወዳል። ለመዝጊያ ከሚያገለግሉት ሐረጎች አንዱ “ታዲጊናቶም” ነው። አምስት ድምፅ ነው፤ “ቶም” ሁለት ፊደል ቢሆንም የሚባለው በአንድ ትንፋሽ፣ እንደ አንድ ድምፅ ነው።

በእያንዳንዱ የእጅ ምት ውስጥ አራት ፈጣን ድምፅ የምንል ከሆነ፣ ሳማ ሊመጣ 4 የእጅ ምት ሲቀረው 16 ድምፅ የሚሆን ቦታ አለን። ሐረጉን ሦስት ጊዜ ስንለው 5 × 3 = 15 ይሆናል። 15ቱን በቀጥታ ብንለው ሳማ ሳይደርስ ቀድመን እንጨርሳለን። ስለዚህ በየመሃሉ አንድ አንድ ባዶ ቦታ እንጨምራለን፤ 15 + 2 = 17። 16ቱ ሳማ እስኪመጣ ያለውን ቦታ ይሞላሉ፤ 17ኛው ራሱ ሳማ ላይ ይወድቃል፦

ታ ዲ ጊ ና | ቶም – ታ ዲ | ጊ ና ቶም – | ታ ዲ ጊ ና | ቶም!

ቀጥ ያለው መስመር የእጅ ምቱን ይለያል፤ ሰረዙ ዝምታ ነው። ሐረጉ በአምስት፣ እጅ በአራት ይሄዳል። ሁለቱ ለጥቂት ጊዜ የተጣሉ ይመስላሉ፤ መጨረሻው “ቶም” ላይ ይታረቃሉ። አዳራሹ “አቤት!” የሚለው ያኔ ነው። ይህ ቀላሉ ምሳሌ ነው፤ ትልልቆቹ ባለሙያዎች ብዙ ዑደቶችን የሚያቋርጡ ሒሳቦችን እዚያው በመድረክ ላይ እያሰሉ ይዘጋሉ። ወረቀት የለም። ሒሳቡ ያለው አፋቸው ውስጥ ነው።

ከበሮውን የሠራው ማነው?

አሁን ወደ ምሪዳንጋም እንምጣ። ግንዱ ብዙውን ጊዜ የሚፈለፈለው ከጃክፍሩት ዛፍ ነው። በቀኙ ቆዳ መሃል ላይ ጥቁር ክብ አለ፤ የተፈጨ ድንጋይና የተቀቀለ ሩዝ ተደባልቆ፣ በስስ በስሱ እየተቀባና በለስላሳ ድንጋይ እየታሸ የሚደርቅ ነው። በግራው ቆዳ ላይ ደግሞ መቺው ከመጫወቱ በፊት የራሰ የስንዴ ሊጥ ይለጥፋል።

ያ ጥቁር ክብ ምን ይሠራል? አንድ የክራር ክር ሲመታ ከዋናው ንዝረት ጋር በ2፣ በ3፣ በ4 እጥፍ የሚፈጥኑ ንዝረቶች አብረው ይነሳሉ። ጆሯችን አንድ ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው። ተራ የከበሮ ቆዳ ግን እንዲህ አይደለም፤ ሁለተኛው ንዝረቱ የመጀመሪያው 1.59 እጥፍ ገደማ ነው፤ ሦስተኛው 2.14 ገደማ። ቁጥሮቹ አይገጥሙም፤ ስለዚህ ድምፁ “ዱም” ይላል እንጂ ቁርጥ ያለ ኖታ አይኖረውም።

የታሚል አገር ተወላጅ የሆነው ፊዚክስ ሊቅ ሲ. ቪ. ራማን ይህን ጉዳይ መረመረ። በ1920 “ኔቸር” በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ከሥራ ባልደረባው ጋር ባወጣው አጭር ጽሑፍ፣ የሕንድ ከበሮዎች በመሃላቸው ባለው ክብደት የተነሳ ንዝረቶቻቸው እንደ ክር በሙሉ ቁጥር እጥፍ እንደሚሰለፉ አሳየ። ይህ ሰው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1930፣ በብርሃን ላይ በሠራው ሌላ ምርምር የኖቤል ሽልማት አግኝቷል።

ራማን ግኝቱን አስረዳ እንጂ ግኝቱ የሱ አልነበረም። ማነው ያንን ጥቁር ክብ በመጀመሪያ የቀባው? ማነው በጆሮው ብቻ “ትንሽ ይጨመር፣ ትንሽ ይፋቅ” እያለ ያስተካከለው? ስሙ አልተጻፈም። በዘመናችንም ሁኔታው ብዙ አልተለወጠም። ዘፋኙ ቲ. ኤም. ክሪሽና በ2020 ባሳተመው “ሴባስቲያን ኤንድ ሰንስ” በተባለ መጽሐፍ እንዳሳየው፣ ብዙዎቹ ምሪዳንጋም ሠሪዎች በካስት ሥርዓት “የማይነኩ” ተብለው ከተገለሉ፣ በኋላም ክርስትናን ከተቀበሉ ዳሊት ቤተሰቦች የመጡ ናቸው። ከታወቁት መቺዎች ብዙዎቹ ደግሞ ብራህሚኖች ናቸው። ላም ለብራህሚን ቅዱስ ናት፤ ምሪዳንጋም ግን ያለ ከብት ቆዳ አይሠራም። ቆዳውን የሚነካው ሰው ተናቀ፤ ከዚያው ቆዳ የወጣው ድምፅ ግን ተከበረ። ስመ ጥሩው መቺ ፓልጋት ማኒ አየር የሚፈልገውን ድምፅ ያገኘው ፓርላንዱ ከተባለ ሠሪው ጋር ለብዙ ዓመታት እየሞከረ ነበር። ኮንሰርት አዳራሽ ውስጥ የሚጨበጨበው ግን ለአንዱ ብቻ ነው።

ከመድረክ የወረደ ድምፅ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ትልልቅ ኮንሰርቶች ብዙ የምት ሰዎችን ያስቀምጡ ነበር። ምሪዳንጋም አለ፤ ከሸክላ የሚሠራው እንስራ መሳዩ ጋታም አለ፤ ትንሹ ካንጂራ አለ፤ ጥርስ ላይ ተይዞ የሚመታው ሞርሲንግ አለ። ከእነሱ ጎን፣ ምንም ሳይዝ፣ የኮናኮሉ ሰው ይቀመጣል። ተራው ሲደርስ ሌሎቹ በእጃቸው ያሉትን እሱ በአፉ ይመልሳል።

ዘመኑ ግን እየተለወጠ ነበር። ሙዚቃው ከቤተ መንግሥትና ከቤተ መቅደስ ወደ ከተማ አዳራሽ ተዛወረ። በማድራስ (በዛሬዋ ቼናይ) የሙዚቃ ማኅበራት በዙ፤ ታዋቂው የማድራስ ሙዚቃ አካዳሚ በ1928 ተመሠረተ። ኮንሰርቱ ሰዓት ተቆረጠለት። አድማጩ ትኬት ገዝቶ የሚመጣው ዘፋኙን ለመስማት ነው። የምት ሰዎች ቁጥር ሲቀነስ፣ ከሁሉ ቀድሞ የሚቀነሰው መሣሪያ የሌለው ሰው ሆነ። “ከበሮው ካለ በአፍ መድገሙ ለምን?” የሚለው ጥያቄ ለብዙዎች መልስ ያለው አልመሰላቸውም። በክፍለ ዘመኑ አጋማሽ ኮናኮል በመድረክ ላይ ብርቅ ነገር ሆነ።

እዚህ ላይ ነው የጥያቄያችን መልስ ያለው። ኮናኮል ከመድረክ ቢወርድም ከመማሪያ ክፍል አልወጣም። ምሪዳንጋም፣ ጋታም ወይም የቤተ መቅደሱን ትልቅ ከበሮ ታቪልን የሚማር ልጅ የሚጀምረው በአፉ ነው። መምህሩ ይላል፤ ልጁ ይመልሳል፤ እጁ ታላውን ይቆጥራል። በአፉ ያልያዘውን በእጁ እንዲመታ አይፈቀድለትም። የባራታናቲያም ዳንስ መምህራንም ትንንሽ ጸናጽል እያጋጩ የዳንሰኛዋን እግር የሚመሩት በነዚሁ ድምፆች ነው። ስለዚህ መድረኩ “አያስፈልግም” ያለውን ነገር፣ መድረክ ላይ የወጣው መቺ ሁሉ በውስጡ ይዞት ነበር።

ሁለተኛው ዕድል

በማድራስ ቲ. አር. ሃሪሃራ ሻርማ የተባሉ መምህር የምት መሣሪያዎችን የሚያስተምር ትምህርት ቤት ነበራቸው። ልጃቸው ቪኩ ቪናያክራም የሸክላውን ጋታም ተምሮ በ1970ዎቹ አጋማሽ ሻክቲ የተባለውን ቡድን ተቀላቀለ። ቡድኑን ካቋቋሙት አንዱ እንግሊዛዊው ጊታሪስት ጆን ማክላፍሊን ነበር። ማክላፍሊን በአፍ ምት ስለተማረከ፣ በ2007 ከቪኩ ልጅ ከሴልቫጋኔሽ ጋር ሆኖ ኮናኮልን ለዓለም ሙዚቀኞች የሚያስተምር ዲቪዲ አወጣ። ሻክቲ በ2024 የግራሚ ሽልማት ሲያገኝ ሴልቫጋኔሽ ከቡድኑ አባላት አንዱ ነበር።

በሌላ በኩል የካርናቲክ ከበሮ መምህራን ወደ ሰሜን አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሄዱ። ቲ. ራንጋናታን ከ1963 ጀምሮ በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ ትሪቺ ሳንካራን በ1971 በቶሮንቶ ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ። ምሪዳንጋም አይተው ለማያውቁ ተማሪዎች የመጀመሪያውን ትምህርት ምን አድርገው ይስጧቸው? ያው፣ “ታካዲሚ”። የጃዝ ከበሮ መቺውም፣ ፒያኒስቱም፣ ዜማ ደራሲውም ሊማረው ይችላል፤ አፍ የሌለው የለምና።

ይህ “አፍ የሌለው የለም” የሚለው ነገር ግን በራሱ በር አይከፍትም። ሱካንያ ራምጎፓል የሃሪሃራ ሻርማ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበረች። ጋታም መማር ስትፈልግ “ሸክላው ለሴት ልጅ ጣት ይከብዳል” ተባለ። ያስተማሯት ሽማግሌው ሃሪሃራ ሻርማ ናቸው። በወንዶች በተያዘው የምት መድረክ ላይ ቦታ ለማግኘት ብዙ ዓመት ታገለች፤ በመጨረሻ ከታወቁት የጋታም ባለሙያዎች አንዷ ሆነች፤ ኮናኮልም ታቀርባለች። ምቱ ለሁሉም አፍ እኩል ነው፤ አፉን ማን እንዲከፍት እንደሚፈቀድ የሚወስነው ግን ሰው ነው።

እንግዲህ ኮናኮል ከመድረክ ቢወርድም የተረፈው ለዚህ ነው። ማንም በሙዚየም አላስቀመጠውም፤ በአዋጅም አልተጠበቀም። መምህር ለተማሪ ሊነግረው ግድ ስለሆነበት ብቻ ከአፍ ወደ አፍ አለፈ።

አሁን ተራው የእናንተ ነው። ወረፋ ስትጠብቁ እጃችሁን ጭናችሁ ላይ አድርጉ። በእያንዳንዱ ምት “ታካዲሚ” እያላችሁ አዲ ታላን አንድ ጊዜ ዙሩ። በሁለተኛው ዙር አምስተኛው ምት ላይ ስትደርሱ “ታዲጊናቶም”ን ከነዝምታው ሦስት ጊዜ ጀምሩ። የመጨረሻው “ቶም” ከጭብጨባው ጋር እኩል ከወደቀ፣ ሳማን አገኛችሁት ማለት ነው። ካልወደቀም አትጨነቁ፤ ዑደቱ ተመልሶ ይመጣል።